የወላዋይ ሌንስ

ካሳዬ በደሴ ፎቶ አንሺዎች ዘንድ ስሙ የተጠራ ነበር፤ መጠራቱንም ደጋግሞ የሚያወራው እሱው ራሱ ነው። ሁለት ሌንስ ነበረው። አንዱ ዙም ነው፤ እንዳሻህ ያቀርባል፣ ያርቃል። ሌላው ረጅሙ፣ ከሩቅ ብቻ የሚያነሳ፣ ወዲህ ወዲያ የማይል ነው፤ ግን ያነሳውን ፀጉር በፀጉር ለይቶ ያወጣዋል።

ለአብዮት በዓል ኮምቦልቻ ላይ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው ሲባል፣ የጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶ ይዞ ሊቀርብ ቆረጠ። አልታየች የምትባለው ሚስቱ ሁለቱንም ሌንስ ያዝ፣ ምን ይከብድሃል ብትለው ሳቀባት። ዙም የወላዋይ ሌንስ ነው፣ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው አንዱን ይዞ ይወጣል አላት። ጊዜው ደግሞ ወላዋይ መባል የሚያስፈራበት ነበርና ዙሙን መልሳ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ኩታበር ላይ ሸረፈዲን የሚባል ገበሬ ጭላዶቹ ከሚውሉበት ገደል አፋፍ አደረሰው። ለድካሙ ምንም አልጠየቀም፤ አልጋ ላይ የዋሉ እናቱን አንድ ፎቶ እንዲያነሳለት ብቻ ለመነው። በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ካሳዬ ምን ችግር አለ አለ። አውራው ጭላዳ ጎፈሩን ነፋስ እየበተነው ቁጭ ሲልለት አነሳውና ጮቤ ረገጠ።

ቤት ሲገቡ እናቲቱ ኡሙሰልማ ታጥበው፣ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ትራስ ተደግፈው ይጠብቁታል። ካሳዬ ካሜራውን ዓይኑ ላይ ደግኖ ክው አለ። ጎጆዋ ጠባብ ናት፤ ረጅሙ ሌንስ በዚያ ቅርበት ሰው አይለይም። ጀርባው ግድግዳ እስኪነካ አፈገፈገ፤ ያው ጭጋግ ነው። ሌላውን ሌንስ ቤት ትቼ መጥቻለሁ፣ አልችልም ማለት ሞት ሆነበት። ዝም ብሎ ቀጭ አደረገና ግሩም ነው አላቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት።

ከበዓሉ በኋላ ሸረፈዲን ደሴ ድረስ መጣ። እናቱ ሞተዋል፤ ፎቶዋን ስጠኝ አለው። ካሳዬ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ! ሌላ የሚሰጠው የለምና ያንኑ ጭጋግ አወጣለት። ከግድግዳው ላይ በፎቶ የተሰቀለው ጭላዳ ፀጉሩ እየተቆጠረ ያፈጥባቸዋል። ሸረፈዲን ፎቶውን ወደ ብርሃን ይዞ ብዙ ቆየ፤ የእናቱን ፊት ፈልጎ አጣው።

«ትንቀጠቀጥ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ያበላሸችብህ እሷ ናት።»

ባገሩ ወግ ሟች የሰው ሐቅ ተሸክሞ እንዳይሄድ ቤተሰቡ ይቅርታ ይለምንለታል። ሸረፈዲንም አንገቱን ደፍቶ ለመነው።

«አፉ በላት ወንድሜ።»

ካሳዬ ፊቱ በእፍረት ነደደ።

«አፉ ብያታለሁ» አለ።