ዶዮ የተሰረዘበት መጽሐፍ

የልጅ ልጄ ሃይሚ መጽሐፍ ጻፈች ሲሉኝ ነገሌን እየዞርኩ ያወራሁት እኔው ነኝ። ወረቀት የለውም። አዲስ አበባ ቁጭ ብላ ጽፋ፣ ራሷ አውጥታ፣ ሰው በስልኩ ገዝቶ በስልኩ ያነበዋል። ስለ አባቷ ነው። አባቷ ባስልዮስ ልጄ ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በሕመም ካረፈ ሦስት ዓመቱ።

ዓይኔ ደክሞ እኔ አላነበብኩትም። ያነበበችው የጎረቤቴ የጉያቱ ልጅ ሲፋን ናት። ዶዮ የሚባል ሰካራም መኪናው ፊት ዘሎ ገባ ይላል አሉ።

ዶዮ የጉያቱ የበኩር ልጅ ነው። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት በሻኪሶ መንገድ ባስልዮስ ገጭቶ ገደለው። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ጉማው፣ የደሙ ካሳ፣ ተከፈለ፣ ታረቅን። ከዚያ ወዲያ በሁለታችንም ቤት ያንን ቀን ያነሣ የለም። ይህች ልጅ ግን አገር እንዲያነበው አወጣችው!

በማግሥቱ ጉያቱን በአጥሩ በኩል "አካም" ብዬ ሰላም ስላት ቀና ብላ አይታኝ ጥጃዋን ማሰር ቀጠለች። ሠላሳ ዓመት ስንጎራበት እንዲህ አድርጋኝ አታውቅም። ለበዓል ሃይሚን እንዴት አድርጌ ነው እዚህ የማመጣት? የዶዮ ወንድሞች አሉ፣ የአጎት ልጆች አሉ።

ደውዬ ጮኽኩባት። እሷ እቴ፣ ትስቃለች። ወረቀት ቢሆን ነበር የሚያስቸግረው፣ ይሄ ቀላል ነው፣ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ፣ ለገዙትም አዲሱ ይደርሳቸዋል አለችኝ። እኔም ቂሏ፣ ተመስገን ብዬ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ጉያቱ ሲፋንን አስከትላ ቤቴ ገባች። የሲፋንን ስልክ ወደ ፊቴ ዘረጋችው።

"ባስልዮስ ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ ሰው አልገጨም ይላል" አለችኝ። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ስሙም የለም። የሺ፣ እኔ ታዲያ ማንን ነው የቀበርኩት?"

ደሜ ፈላ። እዚያው ፊቷ ደወልኩ፤ ሲፋን ድምፁን ከፈተችልኝ።

"አንቺ ጉድ፣ ይሄን ውሸት ማን አስተማረሽ?" አልኳት። "አባትሽ ሽማግሌ ፊት ቆሞ በገዛ አፉ ተናግሯል። እንቅልፍ ወስዶኝ ከመንገድ ወጣሁ፣ ልጁ በዳር በኩል ከብት ይነዳ ነበር ብሏል።"

ሃይሚ፣ "እማማ፣ ሰካራም ነበር ያልሽኝ እኮ አንቺ ነሽ" አለች።

እውነቷን ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት የገዳይ ልጅ አሏት፤ እህል አልቀምስ ብላ ሁለት ቀን አለቀሰች። እንድትበላልኝ ብዬ ነው ያልኩት። ረስቼው ነበር ልል ነበር፤ አልረሳሁትም። የጉያቱን ፊት ማየት አቃተኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የተሸከምኩት ንዴት ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ።

"ጻፊ" አልኳት ሃይሚን። "ዶዮ ጠጥቶ አያውቅም። አባትሽ እንቅልፍ ወስዶት ገደለው። ሰካራም ነበር ብላ የዋሸችኝ አያቴ የሺ ናት በዪ። ስሜን ከነአባቴ አስገቢው።"

ሰው ምን ይልሻል ብላ ትለማመጠኝ ጀመር። የፈለገውን ይበል አልኳት። ሰው ከሚለኝ ይልቅ ይህች ሴት ፊቴ ቆማ የምትለውን ነበር የፈራሁት።

ጉያቱ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"ላሞቹ አራት ነበሩ" አለች። "ዶዮ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የኋላዋ ላም ስላነከሰች ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። ይሄንን ጻፊ።"

ሃይሚ፣ "እማማ ጉያቱ፣ ቀስ ይበሉልኝ፣ እየጻፍኩ ነው" ስትል ሰማኋት።