ከታች የተቆረጠች አንቀጽ

አምደኛው አንድ አመል ነበረበት፤ የራሱን ጽሑፍ ከታተመ በኋላ አያይም። መጽሔት ላይ ዜና ለቃሚ ሳለም፣ በኋላ በጋዜጣ የእሁድ ዓምድ ስም ሲያወጣም ያው ነው። ከእጄ ከወጣ የአንባቢ ነው ይላል፤ ኩራት መሆኑ ነው እንግዲህ። ገጽ አቀናባሪው ደግሞ የራሱ አመል አለው፤ ማስታወቂያ ከመጣ ማንንም ሳይጠይቅ ጽሑፉን ከታች ይቆርጣል። ዝግጅት ክፍሉ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም።

ዓምዱን ያስወደደችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችውም እሷው። እሱ ግን «እመት ቁጠባ» ብሎ ሰይሟት፣ አንድ ሳሙና አራት ቦታ ቆርጣ ወሩን እንደምታዳርስ እየጻፈ አገር አሳቀባት። መጀመሪያ እሷም ስቃለች። ባለሱቁ ሰው ፊት «እመት ቁጠባ፣ ሳሙናውን እኛው እንቁረጥልሽ?» ያላት ቀን ግን ሳሙናውን ሳትገዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የወንድሟን ስልክ አላነሳችም።

አምስት ዓመት ተኮራረፉ። መጽሐፍ ልጻፍ ብሎ ጋዜጣውን ሲሰናበት፣ በመጨረሻው ዓምድ ይቅርታ ሊጠይቃት ቆረጠ። አፈረና መጀመሪያ ሌላ ሌላውን ቀልዶ፣ ይቅርታውን መዝጊያው ላይ አኖረው። ያ የተቆራረጠ ሳሙና የእሱ ደብተር መግዣ እንደነበር ጻፈ። ሲጽፍ አልቅሷል። እሁድ ስልኩን ታቅፎ ዋለ፤ ሳምንቱም አለፈ። ልቧ ደንድኗል ብሎ እሱም አኮረፈ።

መጽሐፉ ወጣ፣ ደራሲ ተባለ፣ ተጨበጨበለት። በሁለተኛው ወር እህቱ በድንገት አረፈች።

ከቀብር በኋላ የእህቱ ልጅ አንድ ካርቶን አምጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ከመጀመሪያዋ የመጽሔት ወሬው ጀምሮ የጻፈው ሁሉ በመቀስ ተቆርጦ፣ በየዓመቱ ታስሮ ተቀምጧል። ከተኮራረፉባቸው ዓመታት እንኳ አንድ እሁድ አልጎደለም። ከሁሉም በላይ የተደረበው የመጨረሻው ዓምድ ነበር። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ጽሑፍ በጋዜጣ አነበበ። ቀልዱ አንድም ሳይጎድል አለ። ይቅርታው በነበረበት ቦታ የሳሙና ማስታወቂያ ተንጣሏል።

እናቷ ይህን ስታነብ ምን እንዳለች ልጅቷን ጠየቃት።

«ሁልጊዜ የምትለውን ነዋ፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ። «እሁድ እሁድ እስከ ታች ታነብና ‹ዛሬም የለም› ብላ ትቆርጠዋለች። ምን እንደምትፈልግ ግን ነግራኝ አታውቅም።»

ይቅርታው ወደዚያ ዞሮ ይሆን ብሎ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።