ጀናዛው ይቆይ

ከየቡ ከተማ በላይ፣ ቡና ጫካው አናት ላይ የተሠራው ሎጅ በሩ ላይ «ከዓለም የራቀ፣ ቁልፍ የማያሻው ዕረፍት» የሚል ተጽፎበታል። ቁልፉን በተመለከተ ባለቤቱ አልዋሸም፤ ለአንድም በር አልገዛም። የቀረውን ሐሙስ ዕለት ጎርፉ ድልድዩን ወስዶ አሟላለት። ጠባቂው ከወንዙ ወዲያ ቀረ። ወዲህ የቀሩት አራት የሄርማታ ሰፈር አብሮ አደጎች ነበሩ፤ አርብ ጠዋት ሦስት ሆኑ።

ቲጃኒን ያገኘው ዘርሁን ነው። ከሰገነቱ ሥር፣ ጋቢውን እንደተከናነበ፣ በጭቃ ተለውሶ ተንጋሏል። ፊቱ ላይ ጭረት የለም። ሀቢቡላህ ጩኸቱን ሰምቶ ዓይኑን እያሸ ወጣ።

«ኢና ሊላሂ! ተንሸራቶ ነው» አለ፤ ከዚያም ማንም ሳያዘው አካፋ ፈልጎ መቃብር መቆፈር ጀመረ።

ኡመይር ግን የሐሙሱን እራት አልረሳም። ቲጃኒ እጁን ከትሪው አንሥቶ፣ «ድልድዩ ሲጠገን ለረይሃና እነግራታለሁ። ወንድሟን በመኪና ገጭቶ ያመለጠው ከእኛ አንዱ ነው» ብሎ ነበር። ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ኡመይርም አልጠየቀም።

ዘርሁን ፖሊስ ሊጠራ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጣ። ማጠቡ ለኡመይር ደረሰው፤ አባቱ የሰፈሩ ጀናዛ አጣቢ ነበሩ። «አጣቢ ዓይን እንጂ ምላስ የለውም» ይሉ ነበር።

የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። ሀቢቡላህ ለብ ያለውን ውሃ በጆግ ያፈሳል፣ ኡመይር ያጥባል። ጋቢው ገና ከራሱ አልወረደም።

«ቢስሚላህ» አለ ኡመይርና እጁን ወደ ቲጃኒ ራስ ሰደደ።

«ቀስ፣ ያ ኡመይር! ከግራ ጆሮው ኋላ ነው። እንዳታሳምመው።»

የኡመይር እጅ ባለበት ቆመ። ጋቢውን ገለጠ። ከግራ ጆሮው ኋላ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበር። ያን ቦታ እስካሁን ያየ ሰው መኖር አልነበረበትም።

ውሃው ከጆጉ ወለሉ ላይ ይንቆረቆራል። ሀቢቡላህ የሚያፈሰውን ረስቷል።

«ጀናዛው ይቆይ» አለ ኡመይር።

«ማል ጄታ? ምን ማለትህ ነው? ጁምዓ ነው እኮ! ጀናዛ አይቆይም፤ ጉድጓዱም አልቋል።»

«ፖሊስ እስኪያየው ይቆያል።»

«አባትህ ቢሆኑ ዝም ይሉ ነበር።»

«አባቴ ይደብቁ የነበረው የሟችን ነውር ነው።»

ሀቢቡላህ ጆጉን አስቀመጠ። በጣም ቀስ ብሎ፣ እንደሚሰበር ነገር።

ከኮረብታው የዘርሁን ድምፅ መጣ፤ ደስ ያለው ይመስላል። «አገኘኋቸው! ከሦስት ቀን በፊት አንደርስም አሉ!»

ኡመይር ቲጃኒን በአንሶላ ሸፈነው። ከዚያ ወንበር ጎትቶ ከበሩ አስደገፈና፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠበት። ሀቢቡላህ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠ።

«ሦስት ቀን» አለ ሀቢቡላህ። «እንቅልፍ እኮ ያሸንፋል፣ ወንድሜ።»