ለሦስት የተከፈለው መጽሐፍ

እቴቴ ኮሌጅ መግባቷን የነገረችኝ የጎረቤታችንን ሱሪ እያሳጠረች ነው። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስለነበር መጀመሪያ አልሰማኋትም።

«ምን አልሽ?»

መርፌውን አወጣችና፣ «ነርስነት ልማር ነው፤ ተቀብለውኛል አልኩሽ» ብላ ወደ ሱሪው ተመለሰች።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ሳቂ፣ ሳቂ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ፋብሪካ። አለቃዬን አናግሬ ፈረቃዬን አስቀይሬያለሁ።»

እቴቴ ፈረቃ ካስቀየረች ነገሩ አልቆለታል ማለት ነው።

ታላቅ እህቴ ናት፤ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። እናታችን ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ ሰባት ነበርን። በዚያው ሰሞን የደንብ ልብስ ፋብሪካ ተቀጠረችና እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ሥራዋ ቆራጭነት ነው። ጨርቁ ስልሳ እጥፍ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ይነጠፍላታል፤ እሷ በኤሌክትሪክ መቁረጫ የጠመኔውን መስመር ተከትላ ትሄዳለች። እጇ አንድ ጊዜ ከሳተ የሚበላሸው ስልሳ ሸሚዝ ነው። እኔን ያሳደገችኝ፣ ኮሌጅ ያስገባችኝ፣ ለቢሮ ሥራ ያበቃችኝ ያ እጅ ነው። ራሷ ግን ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰችው እኔ ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ዴስክ ተጋርታ ነው።

የመጻሕፍቱ ዝርዝር ሲመጣ ኮሌጅ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ መሪነቱን ያዝኩ። ሰባት መጽሐፍ ነበር።

«ቶሎ እንግዛ» አልኳት። «ትምህርት ሲጀመር ያልቃል፤ ዋጋውም ይሰቀላል።»

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «አንቺ ስትማሪ ስንቱን ነበር የገዛነው?»

«የታዘዘውን ሁሉ ነዋ።»

«ከገዛነው ውስጥ የከፈትሻቸው የትኞቹን ነው?»

እውነቱን ለመናገር ከእነዚያ መጻሕፍት አራቱ ላስቲካቸው እንኳ ሳይቀደድ ነው የተሸጡት፤ ያውም በርካሽ። እሷ ለእነሱ ስትል ስንት እሁድ የሰው ልብስ ስትጠግን እንደዋለች አውቃለሁ። ፊቴ ሲቀላ አይታ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። «በይ ተይው፣ አልፏል። ለመማር ነው የጠየቅሁሽ፤ ለመውቀስ አይደለም።»

በማግስቱ ዝርዝሩን ይዛ ኮሌጁ በር ላይ ቆመች። ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሲወጡ እያስቆመች ሁሉንም አንድ ዓይነት ነገር ጠየቀቻቸው፦ በየሳምንቱ የምትከፍቱት የቱን ነው? ለፈተና ብቻ ያያችሁት የቱን ነው? ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘውስ የቱ ነው? የጠየቀቻቸው አሥራ አንድ ተማሪዎች ናቸው። ስትመለስ ዝርዝሩ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ተቀባብቶ ነበር። ሁለቱን ማንም ከፍቷቸው አያውቅም። ሁለቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በበቂ ቁጥር አሉ። መገዛት ያለባቸው ሦስት ቀሩ፤ የአናቶሚው፣ የነርስነት መሠረታዊ ትምህርቱና የመድኃኒቱ።

እኔ አራት ዓመት ኮሌጅ ተመላልሼ ይህ አልታየኝም ነበር።

ቅዳሜ አሮጌ መጽሐፍ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ሱቁ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተሸጎጠ ነው፤ ረጅም ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባበትም። ባለቤቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ ናቸው። እቴቴ መጽሐፍ የምትመርጠው ጨርቅ እንደምትመርጠው ነው። መካከሉ ላይ ትከፍተዋለች፣ ጀርባውን ሳብ ታደርጋለች፣ ክሩን በጥፍሯ ትነካለች፣ መጨረሻ ላይ ሻጋታ ይኖረው እንደሆነ ታሸትተዋለች። ሽማግሌው ጠየቋት።

«እህቴ፣ ልትገዥው ነው ወይስ ልትሰፊው?»

«አባባ፣ ስፌቱ ከላላ እኮ ለፈተና ሳይደርስ ይበተናል።»

አናቶሚው ሁለት ዓይነት ነበር። አዲሱ እትም የሚያብረቀርቅ ነው፤ የድሮው ከስድስት ዓመት በፊት የታተመ፣ ጠርዙ የተላጠ ነው፤ ዋጋው ግን የአዲሱ ሲሶ።

«አዲሱን ውሰጂ» አሏት።

«በምን ይለያል?»

«አዲስ ነዋ!»

«የሰው ልጅ ከስድስት ዓመት ወዲህ የጨመረው አጥንት አለ እንዴ?»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ መነጽራቸው ከግንባራቸው ተንሸራቶ አፍንጫቸው ላይ ዐረፈ። የድሮውን ራሳቸው ጠቅልለው ሰጧት። የነርስነቱንም እንዲሁ ደህና አሮጌ አገኘን። እቴቴ ልቧ ሞልቶ የመድኃኒቱንም አሮጌ እትም ከመደርደሪያው ስታወርድ ግን ሽማግሌው ከእጇ ተቀበሏት።

«ይሄን አልሸጥልሽም።»

«ምነው?»

«አጥንት ባለበት አለ። የመድኃኒት መጠን ግን ይቀየራል። ይሄ ከታተመ ወዲህ የተከለከለ መድኃኒት አለ። አንቺ ይሄን አጥንተሽ ለታመመ ሰው ብትሰጪ፣ እዚያ ውስጥ የኔም እጅ አለበት።»

እቴቴ ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ መደርደሪያው ላይ ምን ይሠራል? እኔ ብተወው ሌላው ይገዛዋል» አለች።

ሽማግሌው መጽሐፉን አገላበጡት። ከዚያ ሽፋኑን ገነጠሉና መጠቅለያ ወረቀት የሚያኖሩበት ካርቶን ውስጥ ወረወሩት። «ልክ ነሽ» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኔ ስለ ሁለቱም ኮራሁ።

የመድኃኒቱ መጽሐፍ አዲሱ የእቴቴን የወር ደመወዝ ሊያክል ትንሽ ነው የቀረው። እኔ ልግዛልሽ አልኳት። «ቆይ፣ መጀመሪያ ልግባና አብረውኝ የሚማሩትን ልያቸው» አለች።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ፈላ። የአናቶሚ መምህሩ «ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት» ሲል የሌላው ሰው መጽሐፍ ጉልበት ላይ ተከፈተ፤ የእቴቴ ኩላሊት ላይ። ከሁሉም ታላቅ እሷ ስለሆነች ይሁን ፊት ስለተቀመጠች፣ መምህሩ ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ፣ «የጉልበት ሎሚ ምን ይመስላል?» ብሎ ጠየቃት። መጽሐፏን አየት አድርጋ፣ «ባቄላ» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቤት መጥታ ስትነግረኝ እሷ ራሷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ሳቋን ስትጨርስ ግን ማስመሪያና ትልቅ ደብተር አወጣች። ሦስት ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ የሁለቱን እትም ገጾች አንድ በአንድ አስተያየች። በግራ በኩል የአዲሱ ገጽ፣ በቀኝ የድሮው። አዲሱ ላይ ብቻ ያሉትን ጥቂት ሥዕሎች በእርሳስ ሠራቻቸው። ክፍሉ ውስጥ የድሮውን እትም ገዝተው አፍረው የደበቁ ሌሎች ዘጠኝ ተማሪዎች ነበሩ። ሰንጠረዡን ሲያዩ አንድ በአንድ መጽሐፋቸውን ከቦርሳ እያወጡ መጡ። በኋላ መምህሩም ሰማ፤ አንድ ቅጂ ጠይቋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው። «ማዘር» የሚለው ስም የወጣላት ያኔ ነው። ቅር አላላትም።

የመድኃኒቱን መጽሐፍ ከአጠገቧ ከሚቀመጡ ሁለት ልጆች ጋር አዋጥተው ገዙት። አንዷ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ ናት፤ ሌላዋ ዝምተኛ። ሦስት ሰው በአንድ መጽሐፍ እንዴት እንደሚያጠና ግን ማናቸውም አላሰቡበትም ነበር፤ ከእቴቴ በቀር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ጠራቻቸው። ልጆቹ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አዲሱ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እቴቴ እጇን ታጠበች፣ በፎጣ አደረቀች፣ ምላጭ አነሳች።

«ማዘር፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ቀጭኗ።

«ለሦስት ልቆርጠው።»

«ቆይ! ቆይ! ኧረ በናትሽ እናስብበት!»

«እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ነው የከረምኩት። በሳምንት የምንማረው ሁለት ምዕራፍ ነው። አንዳችን አንዱን ስናነብ ሌላው ለምን ሥራ ፈቶ ይቀመጣል? በየአሥራ አምስት ቀኑ እንለዋወጣለን።»

ዝምተኛዋ ዓይኗን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔም ልቤ ደነገጠ፤ እኛ ቤት ውስጥ መጽሐፍ የተቀደሰ ነገር ነው። እቴቴ ጀርባውን ገልጣ ክሩ የሚያያዝበትን ቦታ አገኘችና ምላጩን አስገባች። ስልሳ እጥፍ ጨርቅ እንደምትቆርጠው በአንድ መስመር ሄደች። መጽሐፉ ያለ አንዳች ቅዳጅ ተከፈለ። የመጀመሪያው ክፍል የሚያልቅበት ቅጠል ጀርባው ላይ የሚቀጥለው ምዕራፍ ይጀምር ነበር፤ እሱንም አስቀድማ አይታ ያንን ገጽ በእጅ ጽሑፏ ገልብጣ አዘጋጅታ ኖሯል። ሦስቱን በወፍራም ክር ሰፋቻቸው። ሽፋን ያደረገችላቸው ከፋብሪካው በፈቃድ ያመጣችውን ሰማያዊ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ጀንበር ሳትጠልቅ ሦስት መጽሐፍ ሆነ፣ ከመጀመሪያውም ይልቅ የጠነከረ።

የቃላት ማውጫው ሦስተኛው ክፍል ላይ ስለቀረ ያንን የያዘ ሰው ስልኩ አያርፍም። «እንትን የሚባለው መድኃኒት ስንት ገጽ ላይ ነው?» ይሉታል። ቀጭኗ ያንን ክፍል መያዝ ስለምትወድ ስሟ «ማውጫ» ሆኖ ቀረ።

ሁሉ ነገር ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። በመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና እቴቴ ከመቶ ሠላሳ አንድ አመጣች። ቤት ገብታ ጫማዋን አወለቀች፣ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፣ ክር ሳታስገባ ባዶውን ትረግጠው ጀመር።

«ሞል የሚሉት መለኪያ አልገባኝም» አለች በመጨረሻ። «ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም።»

«እኔ ተምሬው ነበር» አልኳት፤ «ግን ረስቼዋለሁ።»

«ተምረሽው ነበር ወይስ ፈተናውን አልፈሽው ነበር?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ቅዳሜ ከቢሮ ስወጣ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ጠበቀችኝና ጎን ለጎን ተቀምጠን ከአንደኛው ምዕራፍ ጀመርን። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ሞል ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ያን ሳምንት ነው። እሷ ካልገባት አታልፍም። «እሺ» ብላ የምታልፈው እኔን መልሳ ማስረዳት ስትችል ብቻ ነው። ሁለተኛው ፈተና ላይ ስድሳ ስምንት አመጣች። ማውጫ ሰባ፣ ዝምተኛዋ ዘጠና አንድ።

ዓመቱ አለቀ። ሦስቱም አለፉ። አሁን እቴቴ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል ለልምምድ ትወጣለች።

ባለፈው ማክሰኞ የሥራ ጉዳይ ይዞኝ ሆስፒታሉ ስገባ አየኋት። ተማሪዎቹ ነጭ ለብሰው በሰልፍ ወደ ክፍሎቹ ሲገቡ ከፊት ሁለተኛ ነበረች፤ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ የእኔን ዕድሜ እንኳ አያክሉም። አንዲት አሮጊት ታማሚ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዘው ቆመው ነበር። እቴቴ ከሰልፉ ወጣችና ክንዳቸውን ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ እሳቸው ጉልበታቸውን አሳዩዋት። ልጠራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሥራ ላይ ነበረች።