የበርሜሉ ውሃ

ጋሽ ብዙነህ ሸርጣኑ የመጣው በበርሜል፣ ከቆላ ከመጡት የዓሣ ጫጩቶች ጋር ነው ይላሉ። ሼህ ሷሊህ ደግሞ አምና ሐምሌ ላይ ጎርፉ ሲበረታ ከገደሉ ሥር ራሱ እየዳኸ ወጣ ይላሉ። ሁለቱም የሚዋሹ ሰዎች አይደሉም።

ዓሣውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ሁለቱ ያሉበት አሥር አባወራ ለሽንኩርት ማሳቸው በጋራ ለቆፈሩት ኩሬ ነበር። ዓሣውን በመረብ ለይቼ ውሃውን ልደፋ ስል ሼህ ሷሊህ እጄን ያዙ።

«ዱዓ የተደረገበት ውሃ መሬት ላይ አይደፋም፣ ልጄ።»

እውነት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በርሜሉን ከቦ «አሚን» ብሏል። ሁሉንም ኩሬው ውስጥ ገለበጥኩት። ከሥር ባቄላ የሚያካክሉ ነገሮች ሲንፈራገጡ አየሁ። ጥንዚዛ መስለውኝ ዝም አልኩ።

ዛሬ ዓሣው የለም። ሸርጣኑ ግን የኩሬውን የአፈር ግድብ ቦርቡሮታል። ከግድቡ ሥር ባሏ የሞተባት የኑርጃን ቤት አለ። ግድቡ ከፈረሰ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በእጃችን ለቀምን፣ ጉድጓዱን በድንጋይ ደፈንን፤ በሌላ በኩል ይወጣል። በልተን እንዳንጨርሰው ደግሞ ማንም አይበላውም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ግድቡ ላይ ተሰበሰብን።

«እንደ ኩሬ ኮሚቴያችን ነው» አለ ከአባወራዎቹ አንዱ ውበቱ፣ አንዱን ሸርጣን በጭራሮ እየነካካ። «ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት አይሄድም።»

ጥቂት ሰው ሳቀ።

«ግድቡ ክረምቱን አያልፍም» አልኩ። «ኩሬውን አሁኑኑ እናፍስሰው።»

«ወዴት?» አሉ ጋሽ ብዙነህ። «ወደ ወንዙ? ታች ያሉት ሰዎች ምን በድለው ሸርጣን እንልክባቸዋለን? የእኛስ ሽንኩርት?»

«ታዲያ ሴትዮዋን ጎርፍ ይውሰዳት?» አሉ ሼህ ሷሊህ።

«ውሃው አይደፋ ያሉት እርስዎ ነዎት!» አሉ ጋሽ ብዙነህ።

«በጎርፍ ነው የመጣው አልኩህ እኮ!»

ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«በርሜሉ ውስጥ ነበር» አልኩ። «ስገለብጠው አይቻለሁ።»

ሼህ ሷሊህ መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ብዙነህም የረቱ አልመሰሉም።

ኑርጃን ከግድቡ የተናደውን እርጥብ አፈር በእግሯ ገፋ አደረገች። ከሥሩ ቀጭን ውሃ ወደ ጓሮዋ ይወርዳል።

«አብሽሩ፣ ሼህ» አለች። «ከየትም ይምጣ፣ አሁን እዚህ ነው። እስኪፈርስ ድረስ ሽንኩርታችሁን አጠጡ። እኔ ነገ የቤቴን ቆርቆሮ አስነቅዬ አጅባር ያለችው እህቴ ጋ እሄዳለሁ።»