በስክሪኑ ጥግ ያለችው ክብ

3.

ቁጥር 1 የሥራ አስኪያጁ መልእክት ነው። ቁጥር 2 የሥራ አስኪያጁ ፎቶግራፍ። ሁለቱንም ዝለሏቸው፤ እኔም ዘልያቸዋለሁ።

ይህ የሰኞ ገበያ ከተማ ቴሌቪዥን ጣቢያ የዐሥረኛ ዓመት መጽሔት ነው። አዘጋጇ እኔ ነኝ። ትርሲት እባላለሁ፤ በሥራ መደቤ የዜና አርታኢ፣ በጠባዬ ደግሞ የማያገባኝን ጠያቂ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደምመላሽ «ታሪካችንን በቁጥር ከፋፍለሽ፣ አጠር አጠር አድርገሽ ጻፊው። የዘንድሮ ሰው ረጅም አያነብም» አሉኝ።

በቁጥር ይኸው።

4. አመሠራረት

ሕንፃው ቀድሞ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ነበር። ስቱዲዮ የምንለው ክፍል በሬዎች ይከተቡበት የነበረው ነው። ክረምት ሲገባ ወለሉ እስከ ዛሬ በሬ በሬ ይላል። ስማችን ሰኞ ሆኖ መጀመሪያ የምናሰራጨው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነበር፤ ከተማው በዚህ ብዙ ስቆብናል።

5. ሠራተኞች

የሁሉም ስምና ፎቶ በመጨረሻው ገጽ ላይ አለ። እዚህ የማወራችሁ ስለ አንዱ ብቻ ነው።

ልሳነወርቅ።

የመብራት ባለሙያ። ስሙን እኔ አላወጣሁለትም፤ ታሪኩን ስትጨርሱ ግን እኔ ያወጣሁለት ይመስላችኋል። ከአፉ ቃል አይወጣም፤ ሰላምታ እንኳ በቅንድቡ ነው። እጁ ግን አያርፍም።

6. ስብሰባ

ዜና ሁሉ በምልክት ቋንቋ ይተርጎም የሚል መመሪያ መጣ። አቶ ደምመላሽ ስቱዲዮ ውስጥ ሰበሰቡን።

«ከመካከላችሁ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አለ?»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ከመሰላሉ ላይ አንድ እጅ ወጣ።

«እኔ አውቃለሁ።»

«ልሳነወርቅ? ከየት ተማርክ?»

«እህቴ መስማት አትችልም።»

«ተመስገን! በል ከነገ ጀምሮ ዜና ላይ ትገባለህ።»

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ልሳነወርቅ ተናገረና አስተርጓሚ ሆነ። በስክሪኑ ጥግ አንዲት ትንሽ ክብ ተከፈተችለት። ሌላ ጥያቄ የጠየቀ ሰው ነበር?

የለም።

7. ትንሽ መዝገበ ቃላት

ዜናውን የማርመው እኔ ስለሆንኩ፣ የሚነበበውን ከእጁ ጋር እያስተያየሁ የለቀምኳቸው ናቸው። ምክንያታቸውን ከእሱ ጎትጉቼ ነው ያወጣሁት።

ዝናብ፦ ግንባሩን በመዳፉ ይጠርጋል። (የልጅነት ቤታቸው ጣሪያ የሚያፈሰው እሱና እህቱ ከሚተኙበት በላይ ነበር።)

ከንቲባ፦ ሱሪውን ወደ ላይ ይስባል። (የቀበሌያቸው ሊቀመንበር ቀበቶ አልነበራቸውም።)

መንገድ፦ በሁለት ጣቱ ክንዱ ላይ ይራመዳል።

ስብሰባ፦ ጉንጩን መዳፉ ላይ ያስተኛል። (ይህ ማብራሪያ አያሻውም።)

___፦ ሁለት እጁን ጨብጦ አገጩን በጡጫዎቹ ላይ ያሳርፋል።

የመጨረሻውን ከየትኛውም ዜና ጋር ማዛመድ አቃተኝ። ሁልጊዜ ዜናው ሲያበቃ፣ ክቧ ከመዘጋቷ በፊት ነው የሚያደርገው። ጠየቅኩት። «ደኅና እደሩ ማለት ነው» አለኝ። አላመንኩትም። ደኅና እደሩ የሚል ሰው ዓይኑ እንደዚያ አይሆንም።

8. ግልባጭ

(ከዓመታት በኋላ። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ። መስማት የተሳናቸውን ልጆች የምታስተምረው መምህርት ኤፍራታ ተማሪዎቿን ይዛ መጥታለች። ቃለ ጉባኤ ያዥ፦ እኔ።)

መምህርት፦ እስከ ዛሬ ዝም ያልነው ሰውየው ውጭ አገር የተማረ መስሎን ነው።

አቶ ደምመላሽ፦ አልገባኝም።

መምህርት፦ እኛም አልገባንም፤ የመጣነውም ለዚሁ ነው። ዜናችሁ አንድ ቀን እንኳ ገብቶን አያውቅም።

(አንዱ ተማሪ ተነሥቶ ሱሪውን ወደ ላይ ይስባል። ሌሎቹ በሳቅ ይሞታሉ።)

ልሳነወርቅ፦ እንዴት አይገባችሁም? እጅ እኮ እጅ ነው።

መምህርት፦ ወንድሜ፣ ይህን ቋንቋ የት ነው የተማርከው?

ልሳነወርቅ፦ አልተማርኩትም። ከጥሩአየር ጋር... ከእህቴ ጋር ልጆች ሆነን እንዲሁ መጣ። ሌላ ዓይነት እንዳለ አላውቅም ነበር።

መምህርት፦ ከሁለታችሁ ሌላ የሚያውቀው አለ?

ልሳነወርቅ፦ እናታችን ትንሽ ትንሽ ታውቅ ነበር። አርፋለች።

መምህርት፦ እንግዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ዜናው የሚተላለፈው ለአንዲት ሴት ነው?

ልሳነወርቅ፦ ካየችው።

አቶ ደምመላሽ፦ ካየችው ማለት?



9. «ካየችው» ለሚለው የግርጌ ማስታወሻ

ከግርጌ ያመጣሁት እዚያ ካስቀመጥኩት ማንም ስለማያነበው ነው። ከስብሰባው ስንወጣ አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ የነገረኝ ነው፤ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

እናታቸው በሞተች ማግሥት ልሳነወርቅ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ወጣ። ለጥሩአየር ሳይነግራት። ልንገራት ባለ ቁጥር እጁ እንቢ አለው። ከዚያች ቤት ውስጥ እሷን የሚያናግር ሰው የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ሄደ። ለተዝካሩ ሲመለስ አጎታቸው ቤት አገኛትና ፊቷ ቆሞ እጁን አነሣ።

ዓይኗን ጨፈነች።

«እኛ ስንኳረፍ ፊታችንን እናዞራለን፣ ቢሆንም እንሰማለን» አለኝ። «እሷ ከጨፈነች ግን አበቃ፤ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ፋሲካ ሄድኩ፣ ጨፈነች። መስቀል ሄድኩ፣ ጨፈነች። ስወጣ ትገልጣለች አሉኝ።»

«ለዚህ ነው እጅህን ያወጣኸው?»

«አጎቴ ቤት ቴሌቪዥን አለ። እኔ ሳላያት ልታየኝ ትችላለች ብዬ ነው። ዜናውን አልቀየርኩም፣ በእናቴ! የተባለውን ነው የማወራት። መጨረሻ ላይ ብቻ አንዲት ነገር እጨምራለሁ።»

«ምን?»

እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እሺ፣ ታይሃለች?»

«እንጃ። ቴሌቪዥን ይሄዳል እንጂ አይመለስም።»

10. ውሳኔ

የመምህርት ኤፍራታ የቀድሞ ተማሪ የሆነች ቤዛ የምትባል ወጣት ተቀጠረች። ልሳነወርቅ አንድ ምሽት ብቻ እንዲሰጠው፣ እህቱን እንዲሰናበት ለመነ። አቶ ደምመላሽ አዘኑለት፤ ግን «ልጄ፣ ዜና የከተማው እንጂ የግል አይደለም» አሉት። ትክክል ነበሩ። እኔን ያበሸቀኝ ትክክል መሆናቸው ነው። ቤዛ በጀመረችበት ቀን የመምህርት ኤፍራታ ተማሪዎች የከተማቸውን ዜና ለመጀመሪያ ጊዜ ተረዱ፤ ደስታቸውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ልሳነወርቅ ወደ መሰላሉ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን የዋናው መብራት ማቆሚያ ተሰብሮ ነበርና ዜናው እስኪያልቅ የመብራቱን ዘንግ በሁለት እጁ ጨብጦ እዚያ ላይ ይቆማል።

11.

 

 

(እዚህ የሚጻፍ የለም። በዚያ ሳምንት ክቧ ውስጥ የነበረው ሌላ ሰው ነው።)

12. በር ላይ

የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሽ ሞሲሳ ጠሩኝ።

«ትርሲት ልጄ፣ ነይ እስቲ። አንዲት ሴት መጥታ አልሄድም አለች። አትናገር፣ አትሰማ። በጣቷ አየር ላይ ክብ ትሠራለች፣ ከዚያ ደረቷን ትደቃለች።»

«ምን ዓይነት ክብ?»

«ትንሽዬ። እዚህ፣ ከታች፣ ጥጉ ላይ።»

ሮጥኩ። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ሐዘን እንደ ደረሰበት ሰው። ፊቷን ሳይ የልሳነወርቅ ቅንድብ እዚያ አለ።

ክቧ ውስጥ ሌላ ሰው ስታይ ሞቷል ብላ ነው የመጣችው።

ስለዚህ ታይ ነበር።

ታይ ነበር!

13. ቀጥታ ሥርጭት

ዜና ላይ ነን። ቤዛ ቦታዋ ላይ ናት፤ ዜና አንባቢው ስለ አዲሱ የጠጠር መንገድ ያነባል። ጥሩአየርን ይዤ በቀስታ ገባሁና ዝም በይ ለማለት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። የኔ ነገር!

እጇን ይዤ ወደ መሰላሉ አሳየኋት።

ልሳነወርቅም አያት። ዘንጉን ቢለቀው መብራቱ አንባቢው ራስ ላይ ይወድቃል። ሁለት እጁ ተይዟል። ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ሲያወራ ኖሮ፣ እሷ ፊቱ የቆመች ዕለት አንዲት ቃል ማለት አልቻለም።

መጀመሪያ ነጠላዋን አቃናች። ከዚያ እጆቿን አነሣች።

ብዙ አወራች። ከመዝገበ ቃላቴ የያዝኩት ጥቂቱን ነው። ግንባሯን ጠረገች። በሁለት ጣቷ ክንዷ ላይ ሄደች፣ ሄደች፣ ትከሻዋ ድረስ ሄደች። አንድ ጊዜ ቀሚሷን እንደ ሱሪ ወደ ላይ ሳበች፤ እሱ እዚያ ላይ ሆኖ እንባው እየወረደ ሳቀ፤ ድምፅ የለውም። ዓይኗን በመዳፎቿ ከደነች። ገለጠች። ከደነች። ገለጠች። ቤዛ በዓይኗ ጥግ አየቻት፤ አልገባትም።

በመጨረሻም ሁለት እጇን ጨብጣ አገጯን በጡጫዎቿ ላይ አሳረፈች። ጠበቀችው።

ልሳነወርቅ ወደ ዘንጉ ጎንበስ አለ። አገጩን በተጨበጡት እጆቹ ላይ አኖረው።

በዚያ ምሽት ብርሃኑ በአንባቢው ፊት ላይ ሲንቀጠቀጥ ያያችሁ ተመልካቾች፣ ምክንያቱ ይህ ነው።

14. የተመልካች አስተያየት

አቶ ደምመላሽ «መጽሔቱ የተመልካች አስተያየት ካልኖረው አይወጣም» ብለዋል። የከተማው ሰው ያለው እንደተለመደው ነው፦ ፊልም ይብዛ፣ ስብሰባ ይነስ። እኔ የመረጥኩት የጥሩአየርን ነው።

እንዲተረጉምልኝ ልሳነወርቅን ጠየቅኩት። ወደ እህቱ ዞሮ በእጁ ጠየቃት። እሷ አየችኝ፤ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ ለእሱ አንድ ነገር አለችው፤ ሁለቱም ሳቁብኝ።

«ምን አለች?»

«ደኅና እደሩ ማለት ነው» አለኝ።

ማተሚያ ቤቱን፣ እባካችሁ ከታች ያለውን ባዶ ቦታ ማስታወቂያ እንዳታደርጉበት ብዬ ለምኛለሁ።

ሁለት እጇን ጨብጣ አገጯን በጡጫዎቿ ላይ አሳረፈች፦

«                                        »