ለፍተሻ ዝግጁ

ሃምሳ አለቃው በካምፑ ጋራዥ የከባድ መኪና ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ለአለቃ «እምቢ» ብሎ አያውቅም። ባልደረቦቹ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ትተው «ሃምሳ አለቃ እሺ» የሚሉት ለዚሁ ነው። እሱ ደግሞ፣ የዋህ ነውና፣ ሙገሳ ይመስለዋል።

ሚስቱ ሌላ ፍጥረት ናት። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት እጇ ከገባ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ነው የምትመልሰው። አሥራ ስምንት ዓመት ካምፕ ውስጥ፣ በቤተሰብ መኖሪያው፣ አብራው ኖራለች። እዚያ በየቅዳሜው ፍተሻ አለ። ተረኛው መኮንን ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ይገባል፤ በመደርደሪያው ላይ ጣቱን እየጎተተ አቧራ ይፈልጋል፤ ድስት ይከፍታል፤ ቁም ሣጥን ይበረብራል። ባልየው አልጋው ግርጌ እንደ ሐውልት ቆሞ «ለፍተሻ ዝግጁ ነን ጌታዬ!» ይላል። አንድ ቅዳሜ «የሃምሳ አለቃው ባለቤት፣ የውስጥ ልብስ አስተጣጠፍ፣ ደካማ» የሚል ውጤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ግቢው በሙሉ፣ ከወጥ ቤት እስከ ጥበቃ፣ ቆሞ አነበበው። ሴትዮዋ በአራተኛው ቀን ሻንጣዋን አወረደች።

«ወይ የራሳችን በር ያለው ቤት እንከራያለን፣ ወይ እኔ ወደ እናቴ እሄዳለሁ» አለችው። «ከእንግዲህ መለዮ ያደረገ ሰው ቁም ሣጥኔን አይከፍትም። የከፈተ ዕለት አንተንም አላውቅህም።»

«እሺ» አለ። ሌላ ምን ሊል!

ከገበያው ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። አራት ዓመት በሰላም ኖሩ። ሴትዮዋ ልብሷን አንዳንዴ ሆን ብላ ሳታጥፈው ትተወዋለች፤ ደስ ስለሚላት ብቻ።

ከዚያ የካምፑ ጡሩምባ ጠፋ። ጡሩምባ ካልተነፋ ደግሞ ማን አዞት ይነሣል? የጠፋ ዕለት ካምፑ በሙሉ እስከ ሦስት ሰዓት ተኛ፤ የካምፑ አዛዥ ኮሎኔሉም ጭምር። የዕድል ነገር ሆኖ የዚያን ዕለት ጠዋት ከበላይ አካል ጎብኚ መጥቶ ነበር፤ የተቀበለው ማንኮራፋት ብቻ ነው። ኮሎኔሉ ንድድ አሉ። ጡሩምባው ካምፕ ውስጥ ከሌለ ካምፕ ውጭ ነው፣ ካምፕ ውጭ የሚኖረው ደግሞ ስም ዝርዝሩ ይታወቃል ብለው፣ ከግቢ ውጭ የተከራየ ሁሉ ቤቱ እንዲፈተሽ አዘዙ። ሕጉ እንኳ ለወታደርም ቤት የዳኛ ትእዛዝ ይጠይቃል። ግን ማን ወንድ ደፍሮ ይንገራቸው!

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። ሃምሳ አለቃው በካናቴራና በቁምጣ ሆኖ ከፈተ። ደጃፉ ላይ አንድ ወጣት ሻምበል፣ ከኋላው ሁለት ወታደሮች ቆመዋል። ሻምበሉ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሃምሳ አለቃው ባዶ ተረከዞች ገጠሙ፣ ደረቱ ተነፋ።

«ለፍተሻ ዝግጁ ነን ጌታዬ!»

ምላሱን በቆረጠው! ግን አንዴ አምልጦታል። የሻምበሉ ፊት በራ።

«በጣም ጥሩ» አለና ወደ አንዱ ወታደር ዞረ። «ጻፍ፤ አባወራው በፈቃዱ አስፈተሸ።»

ሚስቱ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። «ምንድን ነው በፈቃዱ?»

«ትእዛዝ አለን እህቴ» አለ ሻምበሉ፣ ወረቀት እየዘረጋ።

ተቀብላ ፊቱንም ጀርባውንም አየችው። «ይሄ የኮሎኔሉ ማኅተም ነው። የዳኛው የታለ?»

«ኮሎኔሉ ይበቃሉ።»

«ካምፕ ውስጥ ይብቁ። እዚህ እንኳን እሳቸው አከራያችንም ሳያንኳኩ አይገቡም። እኔ የመበርበሪያ ትእዛዝ በየቀኑ ነው ፋይል የማደርገው። የማን ቤት እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈለግ፣ ሰውዬው ለምን እንደተጠረጠረ ይጻፍበታል። የእናንተ ‹ከግቢ ውጭ ያለ ሁሉ› ነው የሚለው። ባሌን በምን ጠረጠራችሁት?»

ሻምበሉ ሊመልስ ሲል፣ ከወደ ካምፑ የጡሩምባ ድምፅ መጣ። ጥርት ያለ፣ ረጅም። አራቱም ወታደሮች ሳያስቡት ቀጥ አሉ። ሴትዮዋ ብቻ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አዳመጠች።

«ያ ምንድን ነው?»

«ጡሩምባ ነው» አለ ሻምበሉ፣ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ተክሎ።

«የጠፋው?»

«ትናንት ተገኘ። ለካ ተጨርምቶ ለጥገና ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ተልኮ ነው።»

«ታዲያ አሁን ምን ልትፈልጉ መጣችሁ?»

«ትእዛዙ አልተሰረዘም» አለ ሻምበሉ፤ እንዲህ ሲል ዓይኑን በጨው የታጠበ አይመስልም ነበር፣ ከልቡ ነው። «ደግሞስ ባለቤትሽ ፈቅዷል። አባወራው ከፈቀደ የዳኛ ወረቀት አያስፈልግም፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ለዚህ ነው ፊቷ የተለወጠው። ወደ ባሏ ዞረች፤ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። «ፈቅደሃል?» አለችው በቀስታ።

የወታደሩ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሃምሳ አለቃውን ላብ አጠመቀው። «እሺ» ምላሱ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ዘላ ልትወጣ። ይህች ሴት ከሄደች ሁለት ክፍል ቤት ለእሱ ምኑ ነው? ያለ እሷ አንድ ቀን አይኖርም፤ ይህን ነግሯት አያውቅም እንጂ እውነት ነው።

«እምቢ ጌታዬ!» አለ።

የጎረቤት መስኮት እስኪከፈት ድረስ ነበር የጮኸው።

«ምን አልክ?»

«አልፈቀድኩም ጌታዬ! ቅድም የተናገረው አመሌ ነው፣ እኔ አይደለሁም። የዳኛ ወረቀት ይምጣ፤ ያን ጊዜ በሩን እኔው ራሴ እከፍታለሁ።» ሚስቱ ከኋላው መጥታ ክንዱን ያዘችው።

ሻምበሉ ሁለቱን ወታደሮች «መኪናው ጋ ጠብቁኝ» ብሎ አሰናበታቸው። መራቃቸውን ዞሮ አረጋገጠና ወደ በሩ ጠጋ አለ። መለዮውን አወለቀ።

«ጋሼ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሃምሳ አለቃው ሌላ ሰው መጥቶ እንደሆነ ኋላውን ዞሮ አየ።

«እኔም ከግቢ ውጭ ነው የምኖረው፣ ጋሼ። ዝርዝሩ ላይ አለሁ። ከሰዓት በኋላ ሻለቃው ለፍተሻ እኔ ቤት ይመጣሉ። ባለቤቴ ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ መኝታ ክፍሏ ሊገቡ ነው።» መለዮውን በእጁ አሻሸ። «ያቺን ቃል… እንዴት አድርገው ነው ያወጧት?»

ባልና ሚስት ተያዩ። ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ገብታ በርጩማ ይዛ ወጣችና ደጃፉ ላይ፣ ከበሩ ውጭ፣ አስቀመጠችለት። ሻምበሉ ግን አልተቀመጠም።

«መጀመሪያ አየር ይሳቡ ጌታዬ» አለ ሃምሳ አለቃው። «እግርዎን አራርቀው ይቁሙ። ተረከዝዎ ከገጠመ አለቀልዎት። እኔ ሻለቃው ነኝ እንበል፤ ልገባ ነው።»

ሻምበሉ እግሮቹን አራርቆ ቆመ። አየር ሳበ። ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ አፉን ከፈተ።

«እሺ» አለ።

«እንደገና!» አለው ሃምሳ አለቃው።